የአማቴ በርኖስ በጤፍ ጆንያ

ሌባ የገባበት ሰው ይጮኻል፤ ጎረቤት ዱላ ይዞ ይደርስለታል። ብል የገባበት ሰው ግን ማንን ይጥራ? «ኡኡ! ብል!» ብትሉ መርሳ ውስጥ ዱላ ይዞ የሚመጣላችሁ የለም። ቢመጣም ምክር ይዞ ነው የሚመጣው። በዚህች ክንፏ አመድ በሚመስል ፍጥረት የተነሳ ያየሁትን ፍዳ ጠላቴም አይየው ልል ነበር፤ ግን ጠላቴ ቢያየው ደስ ስለሚለኝ አልልም።

ሥራዬ ጎሚስታ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ መርሳ ላይ፣ የጎማ መጠገኛ አለኝ፤ ቤቴም እዚያው ከጀርባው ነው። እንጀራዬ ቀዳዳ ፈልጎ መድፈን ነው። የትም ትደበቅ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ ውሃ ውስጥ ነክሬ አረፋዋን ተከትዬ አገኛታለሁ። «ከሱ እጅ የሚያመልጥ ቀዳዳ የለም» ይሉኛል ሾፌሮች። ይህችን ቃል፣ አደራ፣ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ የምታሳፍረኝ እሷ ናት።

ነገሩ የተጀመረው አማቴ አባባ ይመር፣ የሚስቴ የአስናቁ አባት፣ ከወልድያ በላይ ካለው አገራቸው ትልቅ ፌስታል አንጠልጥለው የመጡ ለት ነው። አባባ ይመር ልጃቸውን የሰጡኝ ሳይወዱ ነው፤ ይህን አልደብቅም። እሳቸው ጥማድ በሬ ያለው ገበሬ ሲጠብቁ እጁ እስከ ክርኑ በግራሶ የጠቆረ ሰው መጣባቸው። ሽማግሌ በላክሁባቸው ጊዜ፣ «እህል የማያበቅል ሰው ምን ብሎ ሚስት ይቀልባል?» ማለታቸውን ሽማግሎቹ እስከ ዛሬ እየሳቁ ያወሩታል። ኋላ እሺ አሉ፤ ቤቴም እየመጡ በልተው ጠጥተው መርቀው ይመለሳሉ። ግን አንድም ቀን «እንካ፣ ይህን ያዝልኝ» ብለውኝ አያውቁም። በትራቸውን በር ላይ ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ እንኳ አልፈውኝ ለአስናቁ ነው የሚሰጧት።

የዚያን ለት ግን ፌስታሉን ለእኔ ዘረጉልኝ።

«እንካ» አሉ። «የሙሉ ሰርግ ከጥምቀት በኋላ ነው። ቤቱን ቆርቆሮ ላለብሰው ክዳኑን አፍርሼዋለሁ፤ አይጥና አቧራ መጫወቻ አድርገውናል። አንተ ቁም ሳጥን አለህ አሉ፤ ይችን አኑርልኝ።»

ሙሉ የአስናቁ ታናሽ፣ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ደግሞ በርኖስ ነው፤ ከጥቁር በግ ጠጉር የተሠራ፣ አባባ ይመር ከአባታቸው የወረሱት። ልጆቻቸውን በሙሉ ሲድሩ የመረቁት እሱን ደርበው ነው። እኛንም በሱ ነው የመረቁን፤ የዚያን ቀን ፊታቸው ባይፈታም በርኖሱ ነበረ። ያለ እሱ ምርቃት ከአፋቸው አይወጣም።

«ብል እንዳይነካብኝ» አሉ ሊወጡ ሲሉ። «ብል ከነካው የመጨረሻዋን ልጄን በምን እመርቃታለሁ?»

«በእኔ ይጣሉት፣ አባባ!» አልኩና ደረቴን መታሁ።

ደረት መምታት ደግ አይደለም። አንድ ቀን ብቻዬን ከቁም ሳጥኑ ፊት ቆሜ በኩራት እንደገና የመታሁት ደረት ገና ሳይቀዘቅዝ አስናቁ ከጓዳ ጮኸች። እባብ መስሎኝ ክሪክ ይዤ ገባሁ።

«በሶው!» አለችኝ። «በሶው ድር አድርቷል!»

ጣሳውን ተቀብዬ ባየው በሶው እርስ በርሱ ተያይዟል፤ በመሀሉ ትንንሽ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሳሉ። ነቅነቅ ሳደርገው ከውስጡ አንዲት ክንፋም ብር ብላ አፍንጫዬ ላይ አረፈች። የሽሮው ዕቃም ያው ነው።

«ብል ገብቷል!» አልኩ። «በርኖሱ አለቀለት!»

«ኧረ ይኼ የእህል ነው» አለች አስናቁ። «የልብስ ብል ሌላ ነው።»

«በሶ የበላ በርኖስ አይበላም ያለሽ ማነው? እኔ ራሴ በሶ በልቼ ሥጋ ሲመጣ እምቢ አልልም።»

ጣሳውን ከእጄ ነጠቀችኝ፤ ከሞኝ ጋር አለመከራከር ያባቷ ነው። እኔ ግን ሮጬ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። መጀመሪያ ያየሁት የራሴን የሱፍ ኮት ነበር፤ ትከሻው ላይ ወንፊት ሆኗል። ለካ አስናቁ እንዳለችው የልብሱ ብል ሌላ ኖሯል፤ ጓዳውንም ቁም ሳጥኑንም ተከፋፍለው ይዘውልኛል። በርኖሱን አውጥቼ ወደ ፀሐይ ዘርግቼ አየሁት። አንገትጌው ሥር፣ የምስር ፍሬ የምታክል ብርሃን አፍጥጣ ታየኛለች።

ዕድሜዬን ከቀዳዳ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ ዓይኔን አልጨፍንም። ያቺን ቀዳዳ ሳይ ግን ጨፈንኩ። ጎማ ብትሆን ማስቲሽ ቀብቼ እለጥፋት ነበር። «ያዝልኝ» ያሉኝ የመጀመሪያ ነገር ነው፤ እሱም በእጄ ተበሳ። በርኖሱን አጥፌ መለስኩትና ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ቀዳዳዋ አንዲት ሆና እንድትቀር ግን ማልኩ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። በሶውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አብሽር፣ ይኼ ምን አለው?» አሉ። «ልብሱን ፀሐይ ላይ አስጣው፤ ኮሌታውን ስፌቱን እየገለበጥህ በብሩሽ አራግፈው። ቁም ሳጥኑን ባዶ አድርጋችሁ ስንጥቁን ሁሉ ጥረጉት። የተላውን ለዶሮ ስጡና ዕቃውን በፈላ ውሃ እጠቡ፤ አዲሱን ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ አድርጉት። ወላሂ ሌላ መላ የለውም።»

ምክሩ በጣም ቀላል ስለሆነ ናቅሁት። የደነገጠ ሰው ቀላል ነገር አያምንም። አስናቁ ግን እትዬ ዘሀራን ሰምታ ጓዳዋን ገለባበጠች፣ ዕቃዎቿን ቀቀለች፣ ጣሳውን ሁሉ በሚገጥም ክዳን ዘጋች፤ ጓዳው ወዲያው ሰላም አገኘ። እኔ ጠንከር ያለ ነገር ፍለጋ ወደ ገበያ ወጣሁ።

አንድ ነጋዴ ለጎተራ የሚሆን የነቀዝ መርዝ ሰጠኝና ይዤ ገባሁ። አስናቁ በር ላይ ይዛ አስቆመችኝ።

«እሱ ሰው የሚተኛበት ቤት አይገባም!» አለች። «ብሉን ትተህ እኛን ልትጨርስ ነው?»

መለስኩት። ያኔ አንዱ ሾፌር ሚጥሚጣ ብል አያስጠጋም አለኝ። ሚጥሚጣ ቤታችን ሞልቷል፤ ማንንም ሳላማክር የሱፍ ኮቴን ኪስ ሁሉ ሞላሁት። በርኖሱን ላስከትል ስል የውርጌሳ ደንበኛዬ አባት አረፉ የሚል መርዶ መጣና፣ የትከሻው ቀዳዳ በነጠላ ይሸፈናል ብዬ ያንኑ ኮት ለብሼ ቀብር ሄድኩ።

ሟቹን በሕይወት ሳሉ አንድ ጊዜ እንኳ አይቻቸው አላውቅም። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ደርሰን ላብ ሲያስቸግረኝ መሐረብ ከኪሴ አውጥቼ ፊቴን ጠረግሁ። እናንተዬ! ዓይኔ እሳት ሆነ። እንባዬ ወረደ፣ አፍንጫዬ ተከተለ፤ በጠረግሁት ቁጥር ባሰ። አልቃሾቹ ዘወር ብለው አዩኝና በእኔ ተነሳስተው ለቅሶውን እንደ አዲስ አቀለጡት። ሁለት ሽማግሎች ግራና ቀኝ ደግፈው «በቃ፣ ልጄ፣ ራስህን አትጉዳ፤ የፈጣሪ ሥራ ነው» ይሉኛል። ሚጥሚጣ ነው እንዳልላቸው ድምፄ ተዘግቷል። የሟቹ ልጅ ያንን ኀዘን እስከ ዛሬ አልረሳልኝም፤ ጎማውን ከእኔ ሌላ ለማንም አያስነካም።

ከዚያ በኋላ ሚጥሚጣ በርኖሱ አጠገብ አይደርስም አልኩ። አባባ ይመር ልጃቸውን ሲመርቁ እንደኔ ቢያለቅሱ ሙሽራዋ ምን ይዋጣት?

መላው የመጣው ከአንድ የሐብሩ ገበሬ ነው። የሞተር ብስክሌቱን ጎማ ስጠግንለት ከኋላ የጫነውን ማሾ አየሁና፣ ይኼ እህል እንዴት አይነቅዝባችሁም ብዬ ጠየቅሁት።

«ከጤፍ ጋር ቀላቅለን እናኖረዋለን» አለኝ። «ጤፍ ደቃቅ ናት፤ ክፍተቱን ሁሉ ትሞላዋለች። ነቀዝ መላወሻም መተንፈሻም ያጣል።»

«ጤፏን ራሷንስ አይበላትም?»

«ጤፍን ማን ይደፍራታል!»

ይህን ስሰማ የያዝኩት መለጠፊያ ከእጄ ወደቀ። የእኛ ሰው ማሾውን፣ ባቄላውን በጤፍ እየቀበረ የኖረው ለካ ለእኔ ትምህርት ነው! እህል የሚጠብቅ ጤፍ ጠጉር የማይጠብቅበት ምን ምክንያት አለው? ጓዳ ጥግ ደግሞ አንድ ሙሉ ጆንያ ጤፍ ተቀምጧል። ለምን እንደተቀመጠ ሚስቴን አልጠየቅሁም። አስናቁ ገበያ በወጣችበት ሰዓት ጆንያውን ፈትቼ ጤፉን ወደ ገንዳ ገለበጥሁ፤ ከታች ጤፍ፣ መሀል በርኖስ፣ በላይ ጤፍ አድርጌ መልሼ ሞላሁት። ጤፏ እያንዳንዱ ጠጉር መሀል ገብታ ብሉን እንድታፍነው ብዬ በላስቲክ እንኳ አልጠቀለልኩትም። አፉን ራሴ ሰፋሁት። ባዶውን ቁም ሳጥን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርሁ።

«በርኖሱ ደኅና ነው?» ትለኛለች አስናቁ አልፎ አልፎ።

«ብል ቢፈልገውም አያገኘው!» እላታለሁ። እውነቴን ነበር።

ጥምቀት ወጣ። የሰርጉ ሰሞን ከመነዳሪ ልገዛ ወልድያ ሄጄ ስመለስ አንድ የምናውቀው አይሱዙ ከመርሳ በኩል ጆንያ ጭኖ መጣ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋልኝ፤ እኔም በመስኮት እጄን አውጥቼ በደስታ አወዛወዝኩለት። ቤት ስገባ የጓዳው ጥግ ባዶ ነው።

«አስናቁ፣ ጤፉስ?»

«ላክሁት።»

«የት?»

«ምነዋ፣ ወደ አባባ ነዋ! የሙሉ ሰርግ ጤፍ አይደል? እህት አይደለሁም፣ ባዶ እጄን ልሂድ? ወልድያ ወፍጮ ቤት ተፈጭቶ ይወጣላቸዋል።»

ተፈጭቶ የምትለዋ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ ወፍጮ ዞረች። ሰርገኛው ሁሉ ዳስ ሞልቶ የአማቴን በርኖስ በወጥ ሲበላ ታየኝ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳት። አስናቁ መጀመሪያ ሳቀች፤ ግድግዳ ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ፊቷ ተለወጠና እንባዋ መጣ።

«የአያቴ በርኖስ እኮ ነው» አለች። «ሙሉ ምን አጠፋች? ከሁላችን እሷ ብቻ ሳትመረቅ ልትወጣ ነው? ሂድ! ሩጥ!»

ያገኘሁት ሚኒባስ ላይ ዘልዬ ገባሁ። ሲሪንቃ ስንደርስ ጎማው ዷ አለ። ወርደን ብናየው የፈነዳው የተለጠፈበት ቦታ ላይ ነው፤ መለጠፊያውን አየሁና አወቅሁት። የእጅ ሥራ እንደ ልጅ ነው፤ የትም ቢያገኙት ይለያል። ሾፌሩ ሲገዛው የተጠገነ ኖሮ ባለሙያውን አያውቅም።

«ይህን የጠገነ እጁ ይሰበር!» አሉ አንድ እናት።

«ይሰበር!» አልኩ እኔም አብሬ። ምን ላድርግ? የተሰበረውን እጄን ሰብስቤ ጎማውን ቀየርኩላቸው። ሾፌሩ እጄን አይቶ «አንተን የመሰለ ባለሙያ እያለ ለሌላ የሚሰጥ እብድ ነው» አለኝ።

ወልድያ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ስገባ ሞተሩ ያጓራል፤ ሰውም ግድግዳውም ነጭ ነው። ጊዜ አልነበረኝም። በአካባቢዬ ያገኘሁት ጆንያ ሁሉ ውስጥ እጄን እስከ ብብቴ እየከተትሁ መዳበስ ጀመርሁ። ባለቤቶቹ ተንጫጩ። ባለ ወፍጮው ክንዴን ያዘኝ።

«ምን ትፈልጋለህ?»

«በርኖስ!»

«እዚህ የሚፈጨው ጤፍ ነው!»

«ጤፍ ውስጥ ያለ በርኖስ ነው የምፈልገው!»

ሰዉ ሁሉ ጆንያውን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። አንድ ባልቴት አማተቡና «ጠበል ይወሰድ፣ ወገኖቼ፤ ገና ወጣት ነው» አሉ። ባለ ወፍጮውን ጥግ ወስጄ ስለ አይሱዙው፣ ስለ ሰርጉ፣ አፉ በጎማ ቤት ክር ስለተሰፋው ጆንያ እየነገርኩ ለመንኩት። ሰውየው ግንባሩን አሻሸ።

«እሱን መልሼዋለሁ» አለ። «አልተበጠረም። ያልተበጠረ ጤፍ አልፈጭም ስለው ሾፌሩ እንዳለ ወደ ሰርጉ ቤት ጭኖት ወጣ።»

ጉንጩን ሳምኩት። ዱቄቱ ፊቴ ላይ ቀረ።

የአባባ ይመር ቤት ስደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ አዲሱ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ግቢው ውስጥ ሴቶች ሰፌድ ይዘው ጤፍ ያበጥራሉ። እኔን ሲያዩ ሁሉም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። በርኖሱ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። አባባ ይመር ከፊቱ ቆመው ጠጉሩን በእጃቸው ይዳብሳሉ፤ በዳበሱት ቁጥር ጤፍ ይረግፋል።

«አባባ...» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። በዱቄት ነጥቼ፣ በግራሶ ጠቁሬ ነው የቆምኩት።

«ፊትህን ታጠብ» አሉ። ፊታቸውን ወደ በርኖሱ መለሱ። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር፤ እስከ ሰርጉ ድረስ ከዳሱ ምሰሶ ጋር እየታከክሁ ሰነበትኩ።

የሰርጉ ቀን፣ ሙሉና ሙሽራው ጉልበት ስመው ተንበረከኩ። አባባ ይመር በርኖሱን ደርበው ተነሱ። ሴቶቹ በርኖሱን እንደ ጠላት ሲደበድቡት ነው የሰነበቱት፤ ጤፍ ግን ጠጉር ውስጥ ከገባች ውጪ ብትባል የምትወጣ አይደለችም። አባባ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«ውለዱ፣ ክበዱ!»

«አሜን!»

«ዘራችሁ ይብዛ!»

እጃቸው ከፍ ሲል የበርኖሱ እጥፋት ተከፈተና ጤፍ ዘነበ። በሙሽራዋ ቬሎ ላይ፣ በሙሽራው ትከሻ ላይ ሿ ብሎ ወረደ። ሰዉ አንገቱን አስግጎ አየ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያኔ ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «እሰይ! በረከቱ ወረደ!» ሲሉ እልልታው ቆርቆሮውን አንኳኳው። አባባ ይመር እጃቸውን ዝቅ አድርገው እንደገና አነሱ፤ እንደገና ዘነበ። «ጎተራችሁ ይሙላ!» አሉ። ሰዉ «ይድገሙት!» አለ። እንዲያ ያለ ረጅም ምርቃት በዚያ አገር ተሰምቶ አይታወቅም አሉ። ሙሉ፣ ጤፉን ከዓይኗ ሽፋሽፍት እየጠረገች ትስቃለች። በመሀሉ አባባ ይመር በጎን ወደ እኔ አዩ፤ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ሳቅ እየታገላቸው መሆኑን ያወቅሁ እኔና አስናቁ ብቻ ነን።

ሙሽሮቹ ከወጡ በኋላ ከቤቱ ጀርባ ጠሩኝ። በትራቸውን «ያዝልኝ» ብለው ሰጡኝና በርኖሱን አውልቀው አጠፉት። በትራቸውን ነው እኮ የሰጡኝ! እኔ ግን የደበቅሁትን ማውጣት ነበረብኝ።

«አባባ፣ ቀዳዳም አለው» አልኳቸው። «አንገትጌው ሥር። አደራዎን አልጠበቅሁም።»

አንገትጌውን ገልብጠው በጣታቸው ዳበሷት።

«ይችን ነው? ይቺ እኔ ስሞሸር የችቦ ፍንጣሪ ያረፈባት ናት። የአስናቁ እናት፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የሰርጋችን ምልክት ናት አትድፈናት ስላለችኝ ተውኳት።» አንገትጌውን መልሰው አስተካከሉት። ከዚያ በርኖሱን ደረቴ ላይ አስቀመጡት። «በል፣ መልሰህ አኑረው። ብል አላገኘው፣ ሌባ አላገኘው፣ ባለቤቱም አላገኘው። እንዳንተ ያለ አደራ ጠባቂ ከየት ይመጣል?»

አሁን የእትዬ ዘሀራን ምክር እከተላለሁ። ቁም ሳጥኑ ተጠርጓል፤ በርኖሱ እየወጣ ከጎማዎቼ በላይ በተዘረጋ ገመድ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ በብሩሽም ይራገፋል። ከሾፌሮቹ አንዱ ዋጋውን ቢጠይቀኝ «የአማቴ አደራ ነው፤ አይሸጥም» ልለው ተዘጋጅቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን ማንም አልጠየቀኝም። ብልም ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

የበልጉ ዝናብ ከጣለ በኋላ ስልኬ ጮኸ። አባባ ይመር ናቸው። ሲደውሉ ሁልጊዜ «አስናቁን አገናኘኝ» ነበር የሚሉት፤ ስልኩን ይዤ ወደ ጓዳ መሄድ ጀመርኩ።

«አይ፣ አንተን ነው» አሉ። «ዳሱ የነበረበት ግቢ፣ ሙሽሮቹ የተንበረከኩበት ቦታ፣ አረንጓዴ ሆኗል። ጎንበስ ብዬ ባየው ጤፍ ነው። ና፣ ልጄ፣ እንረመው፤ እህል አብቅለሃል።»